ወጣት «መኖር ሰልችቶኛል» ሲል፦ ለቤተ ክርስቲያን የወጣት አገልጋዮች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለመዘምራን ኃላፊዎች፣ ለወጣቶች ኅብረት መሪዎች፣ ለካህናትና ለመጋቢዎች የተዘጋጀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ በ2021 ሦስተኛው ዋና የሞት ምክንያት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪም ቤት እነዚህን ወጣቶች የሚያገኛቸው ብዙ ጊዜ ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በየሳምንቱ ፊታቸውን ታያለች።

ነገሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የፍቅር ማነስ ሳይሆን የዝግጅት ማጣት ነው። ሌሊት በ6 ሰዓት ስልክ ሲጮኽ ማን እንደሚሄድ፣ ልጁ የት እንደሚወሰድ፣ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ ካልተወሰነ ደጉ ሰው ሁሉ ለጸሎት ይሰበሰብና ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ይጠፋል።

አሁን በዚህ ሰዓት አጠገባችሁ በአደጋ ላይ ያለ ሰው ካለ ሌላውን ትታችሁ «የመጀመሪያው ሌሊት» ወደሚለው ክፍል እለፉ።

ስልኩ ሳይደወል የሚዘጋጅ

ከ3 እስከ 5 ሰው ያለበት ቡድን አቋቁሙ። ቢያንስ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ይኑሩበት፤ ቢያንስ አንዱ ካህን ወይም መጋቢ ያልሆነ ይሁን፤ ወጣት ይበልጥ የሚያፍረው መድረክ ላይ ከሚያየው ሰው ነውና። በጉባኤው ውስጥ ነርስ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለ ይጨመር። ዋናው መስፈርት ግን ምስጢር መጠበቅና ዝም ብሎ ማዳመጥ መቻል ነው። በንግግሩ የተመሰገነ ሰባኪ ለዚህ ሥራ ላይመች ይችላል፤ ዝምታ ሲረዝምበት መስበክ ይጀምራል።

ተራ ምእመን ይህን ሊሠራ አይችልም የሚል ካለ የእንግሊዛዊውን ቄስ የቻድ ቫራን ነገር ንገሩት። ቄሱ በ1935 አገልግሎት እንደጀመሩ የፈጸሙት የመጀመሪያ ሥርዓተ ቀብር ራሷን ያጠፋች የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የወር አበባ ሲመጣባት ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት ፈርታ ነበር፤ ደፍራ የምትጠይቀው ሰው አላገኘችም። በ1953 ለንደን ውስጥ በነበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሳማሪታንስ የተባለውን የስልክ አገልግሎት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ እሳቸውን ለማነጋገር ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሻይ ከሚያቀርቡላቸው በጎ ፈቃደኞች ጋር ሲያወሩ ይቀላቸውና ብዙዎቹ ቄሱን ሳያገኙ ይሄዱ ነበር። በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከቡ።

ቡድኑ ከተመረጠ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ። የሚጻፍበት፦

1. ሌሊትም ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚቀበል ቅርብ ሆስፒታል፣ የትኛው በር እንደሚከፈትና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ።
2. የአምቡላንስ ቁጥርና በአገሩ ያለ የቀውስ ጊዜ የስልክ መስመር። አሜሪካና ካናዳ ላላችሁ 988፣ ብሪታንያና አየርላንድ 116 123፣ አውስትራሊያ 13 11 14 ነው። እንዲህ ያለ መስመር በሌለበት አገር ሆስፒታሉና አምቡላንሱ ይበቃሉ።
3. የየሌሊቱ ተረኛ ስምና ስልክ፣ እሱ ካላነሣ ቀጥሎ የሚደወልለት።
4. መኪና ያላቸው፣ በሌሊት ቢጠሩ የማይቆጡ ሁለት ሰዎች።
5. በሕፃናት ላይ ጥቃት መፈጸሙ ሲታወቅ ሕጉ ለማን አሳውቁ እንደሚል፤ ራስን ለማጥፋት መሞከር በአገሩ ሕግ ያስቀጣ እንደሆነ። እስከ ዛሬ የሚያስቀጣባቸው አገሮች አሉ፤ ቤተሰብ ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚያመነታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ስለሆነ መልሱን ከጠበቃ አስቀድማችሁ ያዙ።

በየ6 ወሩ እያንዳንዱን ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ተዘግቶ የቆየ ስልክ ወይም ጠዋት ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ የሚታወቀው ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው።

ከዚያ ልምምድ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡና «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥታችሁ እስኪለምዳችሁ ተጠያየቁ። ያልተለማመደ ሰው በጭንቅ ሰዓት «ክፉ ነገር እያሰብክ አይደለም፣ አይደል?» ይላል። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ «አይደለም በለኝ» የሚል ልመና ነው፣ ወጣቱም የሚመልሰው የተለመነውን ነው።

ምን ይታያል?

በየትም ቦታ የሚታወቁት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ስለ ሞት መናገር ወይም መጻፍ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት፣ ከሰው መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ መጠጥ ማብዛት፣ በሰውነት ላይ የራስ ጉዳት ምልክት፣ የሚወዱትን ዕቃ ማደል፣ የስንብት የሚመስል መልእክት መላክ። ከረጅም ሐዘን በኋላ ያለ ምክንያት ድንገት የሚመጣ መረጋጋትም ያሳስባል፤ አንዳንዴ ውሳኔ ላይ የደረሰ ሰው መረጋጋት ነው። ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ከዚህ በፊት ሞክሮ የሚያውቅ መሆኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን እነዚህ ምልክቶች የመንፈሳዊነት ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ የሚያመልጡንም ለዚህ ነው። «ራሱን ያጠፋ ሰው ይድናል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት የነገረ መለኮት ጥያቄ እየጠየቀ ላይሆን ይችላል፤ ከመልሱ በፊት «ይህን ያነሣሣህ ምንድን ነው?» በሉት። ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ የሚናዘዝና ይቅርታው የማይገባው፣ «የማይሰረየውን ኃጢአት ሠርቻለሁ» የሚል፣ ከታወጀው በላይ እየጾመ ሰውነቱ የሚያልቅ፣ ለዓመታት ያገለገለበትን መዝሙር ያለ ምክንያት የሚተው፣ የመዝሙር መሣሪያውንና መጽሐፍ ቅዱሱን ለሌላ የሚሰጥ፣ «ጌታ ቢወስደኝ» እያለ የሚጸልይ፦ እነዚህ ሁሉ ሲበዛ ትጋት ሲያንስ ስንፍና ተብለው ይታለፋሉ። ትጉሁን ማመስገን፣ ሰነፉን መገሠጽ ቀላል ነው። ሁለቱንም ግን መጠየቅ ይገባል።

አደጋው ከፍ የሚልባቸው ጊዜያትም አሉ። የፍቅር መለያየት፣ የፈተና ውጤት፣ ያልታሰበ እርግዝና፣ የቅርብ ሰው ሞት፣ የቤት ውስጥ ወይም የጾታ ጥቃት ይጠቀሳሉ። በእኛ ዘንድ የሚረሳው በጉባኤ ፊት የሚሰጥ ተግሣጽ ነው። አንድ ወጣት ከአገልግሎት ሲታገድ ውሳኔውን የሚነግረው ሰው በዚያው ቀን ማታና በማግሥቱ ሊደውልለት ይገባል። ዕግዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ልጁ ጓደኞቹን፣ ተግባሩንና ስሙን በአንድ ቀን አጥቷል።

አጠያየቅ

ሰው የማያቋርጣችሁ፣ ግን ከሩቅ የምትታዩበት ቦታ ምረጡ፤ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻ መቀመጥ አይገባም። ከቅዳሴ ወይም ከጉባኤ መውጫ ላይ ቆሞ መጠየቅ አያዋጣም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑራችሁ። ስልካችሁን ዝም አሰኙ።

ባያችሁት ነገር ጀምሩ እንጂ በግምት አትጀምሩ፦ «ከሁለት ሳምንት ወዲህ ልምምድ ቀርተሻል፣ ከሰውም ሸሸት ብለሻል፤ አሳስበሽኛል፣ ምን ሆነሽ ነው?» ከዚያ ዝም በሉ። የዝምታውን ርዝመት አትፍሩት። መልሱ ወደ ሐዘን ካመራ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል አስከትሉ። ራስን የማጥፋት አደጋን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የኮሎምቢያ (የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ) መጠይቅም የሚሄደው እንዲሁ ነው፦

1. «ብሞት ወይም ተኝቼ ባልነቃ ብለሽ ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?»
2. «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?»
3. (2ኛው አዎ ከሆነ) «እንዴት እንደምታደርጊው አስበሻል?»
4. «ይህን ለመፈጸም ፍላጎት አለሽ?»
5. «መቼና የት ብለሽ ዝርዝሩን ማውጣት ጀምረሻል?»
6. (2ኛው አይደለም ቢሆንም ይጠየቃል) «ሞክረሽ ወይም ለመሞከር ተዘጋጅተሽ ታውቂያለሽ? ባለፉት 3 ወራት ውስጥስ?»

መጠየቅ ሐሳቡን በጭንቅላት ውስጥ ይዘራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ጥናቶች ያሳዩት ስለዚህ ነገር በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምር፣ እንዲያውም ጭንቀቱን ሊያቀል እንደሚችል ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ጳውሎስ ሰይፍ የመዘዘውን የወህኒ ጠባቂ ያስጣለው በታላቅ ድምፅ፣ ነገሩን በስሙ ጠርቶ ነው።

መልሱ «አዎ» ሲሆን ፊታችሁ እንዳይለዋወጥ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ብቻሽን አይደለሽም፤ ዛሬ ምን እንደምናደርግ አብረን እናያለን» ይበቃል። የሚከተሉት ግን በር ይዘጋሉ፦ «ይህ ትልቅ ኃጢአት ነው»፣ «እናትሽን አታስቢላትም?»፣ «ካንቺ የባሰ ስንት አለ»፣ «እምነት ስለጎደለሽ ነው»። እያንዳንዱ አነጋገር ቀድሞውኑ ጥፋተኛ ነኝ ለሚል ልብ ሌላ የጥፋት ማስረጃ ይጨምርለታል። ሲኦልን ማስፈራሪያ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ሐሳቡን አይተውም፣ ለእናንተ መንገሩን ይተዋል።

ምን ያህል አስቸኳይ ነው?

መሞትን መመኘት ወይም ዘዴ የሌለበት ሐሳብ ብቻ ካለ ባለሙያ የሚያይበት ቀጠሮ በቀናት ውስጥ ይያዝ፤ የደኅንነት ዕቅድ (ከታች ተጽፏል) በዚያው ቀን ይሠራ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ተገናኙ። ዘዴውን አስቦ ለመፈጸም ግን ፍላጎት ከሌለው፣ ወይም ሙከራው ከ3 ወር በፊት የነበረ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ባለሙያ ዘንድ ይቅረብ፤ ቤተሰብም ይወቅ። የመፈጸም ፍላጎት ወይም ዝርዝር ዕቅድ ካለው፣ ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ሞክሮ ከሆነ፣ ራስህን ግደል የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ጠጥቶ ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ፣ ጊዜው አሁን ነው፤ «የመጀመሪያው ሌሊት» የሚለውን ክፍል ተከተሉ።

የትኛው ደረጃ እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ የከፋውን ያዙ።

የመጀመሪያው ሌሊት

ልጁን ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት። ሁለት ሰው አብሮት ይሁን፤ ሌሊቱ የሚረዝም ከሆነ በየ3 ሰዓቱ ተቀያየሩ፣ ያንቀላፋ ጠባቂ እንደሌለ ይቆጠራልና። መታጠቢያ ቤት ሲገባ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። ውኃና ምግብ ስጡት። ስልኩን አትንጠቁ፤ ብዙ ጊዜ ከሚያምነው ጓደኛ ጋር ያለው ብቸኛ መስመር ነው። ቤቱን በሰው አትሙሉት፤ አሥር ሰው ከብቦት ሲያለቅስ የሚሰማው እፍረት ነው።

ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ አንዱ ያሽከርክር፣ አንዱ ከኋላ ከጎኑ ይቀመጥ። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ካሉ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ የተናገረውን በራሱ ቃል ንገሩ፦ «ዛሬ ራሴን አጠፋለሁ ብሏል፣ እንዴት እንደሚያደርገውም ነግሮናል።» ነገሩን ለማለስለስ «ትንሽ ጨንቆት ነው» ያለ ሰው ልጁን ወረፋው መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ሐኪም ሳያየው አትመለሱ። ወደ ቤት ሂድ ከተባለ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ያዙ፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ ምን ሲታይ መልሳችሁ እንድታመጡት።

ራሱን ጎድቶ ወይም አንዳች ነገር ወስዶ ከሆነ ደኅና ቢመስልም ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ ወይም አድርሱት። ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታይ ነገር አለ። አታስታውኩት፣ ወተትም ሆነ ሌላ ማርከሻ አታጠጡት፤ የወሰደውን ዕቃ ማሸጊያ ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ።

አደገኛውን ነገር ማራቅ

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ችግር ከሚመክራቸው እርምጃዎች ቀዳሚው ይህ ነው፤ በመንፈሳዊ ቤት ውስጥ ግን ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው እሱ ነው፤ እምነት ማጣት ይመስላልና። ምክንያቱን እወቁት። የከፋው ግፊት ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት የሚቆይ ነው፤ በዚያ ሰዓት እጅ ላይ ያለው ነገር ልዩነት ያመጣል። ሞክረው ከተረፉት ሰዎች አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም። ስለዚህ የተገኘ ጊዜ ሁሉ ዋጋ አለው።

ወላጅ ወይም አብሮ የሚኖር ሰው በቤቱ ያለውን የተጠራቀመ መድኃኒት ያውጣ፤ የሚያስፈልገውን አንድ ሰው ይዞ የየቀኑን ብቻ ይስጥ። ፀረ ተባይ ኬሚካልና ጦር መሣሪያ ለጊዜው ከቤቱ ይውጡ፣ ዘመድ ቤት ይቀመጡ። ልጁ ካሰበው ዘዴ ጋር የሚያያዝ ነገር ካለ ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ አርቁት፤ በድብቅ የተደረገ ነገር ሲታወቅ መተማመንን ይሰብራል።

ሥራው የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ዕቃው ልጁ የሚያውቀው ቦታ ይደበቃል። አባት «ልጄን አልጠረጥርም» ብሎ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ይተዋል፤ እዚህ ላይ የቡድኑ አንጋፋ ሰው «ጋሼ፣ ጥርጣሬ አይደለም፣ ለጥቂት ወራት ነው» ብሎ ሊያነጋግራቸው ይገባል። ሦስተኛው፣ ልጁ ሲስቅ ታይቶ በሳምንቱ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢያንስ 3 ወር ይቆይ፤ የሚመለስበትንም ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ወስኑ።

የደኅንነት ዕቅድ

ስታንሊና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ይህ ዕቅድ ስድስት ክፍል አለው፤ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ማዕበሉ ጋብ ሲል፣ በወጣቱ ቃል፣ ከተቻለ በእጁ ጽሑፍ ይሠራ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ዕቅዱ ከስልክ ክትትል ጋር ሲሰጥ በ6 ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ባሕርይ ከተለመደው አገልግሎት ጋር ሲነጻጸር በ45 በመቶ ገደማ አንሶ መገኘቱን አሳይቷል።

1. ሊጀምረኝ ሲል የማውቅበት፦ «ሁለት ሌሊት ካልተኛሁ»፣ «የቡድኑን መልእክት ሳልመልስ ስተው»።
2. ብቻዬን ሆኜ የማደርገው፦ በእግር መሄድ፣ ገላ መታጠብ፣ ክራር ወይም ጊታር መምታት፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት ጮክ ብሎ ማንበብ። እዚህ ላይ «መጸለይ» ብቻ ከተጻፈ ሌላም ጨምሩ፤ በከባድ ድብርት ውስጥ ጸሎት አልወጣ የሚል ሰው ዕቅዱም ራሱም የወደቁ ይመስለዋል።
3. ስለ ችግሬ ሳላወራ ሐሳቤን የሚወስዱልኝ ሰዎችና ቦታዎች፦ የአክስቴ ልጅ፣ የኳስ ሜዳው፣ የመዝሙር ልምምድ።
4. ችግሬን የምነግራቸው፦ ቢያንስ ሁለት ስም ከነስልክ ቁጥራቸው። የተጻፉት ሰዎች ፈቃዳቸው ይጠየቅ።
5. ባለሙያና የድንገተኛ ጊዜ ቁጥር፦ ከቡድኑ ወረቀት ላይ ይገለበጥ።
6. ዙሪያዬን ከአደጋ የማጸዳበት፦ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ስልኩ ላይ ይያዘው። በየክፍሉ «ይህን ከማድረግ የሚያግድህ ምን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሌሊት በ9 ሰዓት የማይከፈት ሜዳ ዕቅድ አይሆንም።

በዚህ ዕቅድ ምትክ ማስማል ግን አይሠራም። «ዳግም አላስብም ብለህ በመስቀሉ ማልልኝ» የተባለ ወጣት ሐሳቡ ሲመለስበት (ይመለሳልም) አሁን መሐላ ያፈረሰም ነው፣ ስለዚህ ይደብቃል። ባለሙያዎች «ራሴን አልጎዳም» የሚያሰኙበት የፊርማ ውልም ሰውን እንደሚጠብቅ ማስረጃ አልተገኘለትም።

ምስጢር

ከመጀመሪያው «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። እንዲህ በሉ፦ «የምትነግረኝን እጠብቃለሁ፤ ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምንናገር አስቀድሜ እነግርሃለሁ።» የንስሐ ኑዛዜ ከዚህ የተለየ ነው፤ የኑዛዜው ማኅተም በሚከበርበት ሥርዓት ያለ ካህን ልጁን ከኑዛዜው ውጭ «ይህን አሁን እንደ አባትህ ድገምልኝ፣ ከዚያ አብረን ወደ ሐኪም እንሂድ» ብሎ መጋበዝ ይችላል፣ ከአጠገቡም አለመለየት ይችላል።

ለወላጅ መንገር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ አደጋው ራሱ ከቤት የሚመጣ ከሆነ ግን አይደለም። ጥቃት ካለ ሌላ የታመነ ዘመድና ሕጉ የሚያዘው አካል ይቀድማሉ። ጥቃቱ ከአገልጋይ ከሆነ ጉዳዩን ጉባኤው ውስጥ በሽምግልና መጨረስ ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ መጉዳት ነው።

ምስጢር ከሁሉ ቀድሞ የሚፈስበት ቀዳዳ የጸሎት ርዕስ ነው። «ስሟን አልጠራም፣ ግን አንዲት የመዘምራን እኅታችን...» የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲለቀቅ አርባው ሰው ማን እንደሆነች በአምስት ደቂቃ ያውቃል።

ጸሎት፣ ጾምና መድኃኒት

ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መጀመሪያ የመጣለት ስብከት አልነበረም። እንቅልፍ፣ እንጎቻ፣ ውኃ፤ እንደገና እንቅልፍ፣ እንደገና ምግብ፤ የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው (መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19)። ለአገልጋይ ቅደም ተከተሉን ከዚህ የተሻለ የሚያሳየው ክፍል የለም።

ጸሎትም ጸበልም ከሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ማንም አገልጋይ ግን «መድኃኒቱን ተው» ማለት አይችልም። የድብርት መድኃኒት ሥራው የሚታየው በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ማለት ገና ነው። ድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ መረበሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፣ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ያሉት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ ሲቀየር በቅርብ ሊታዩ ይገባል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለታዳጊዎች በ2004 ያወጣውን ማስጠንቀቂያ በ2007 እስከ 24 ዓመት ላሉት አስፍቶታል። ይህ ሐኪሙን ቶሎ ለመጥራት እንጂ መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

በጾም ጉዳይ አንድ መድኃኒት በስሙ ሊታወቅ ይገባል፦ ለከባድ የስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም። ሰውነት ውኃ ሲያጣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሎ ሊመርዝ ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ የማይጠጣበትን ጾም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጹም፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክ፣ መንገዳገድ ከታየ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ። በአደጋ ጊዜ ያለን ማንኛውንም ወጣትም ካህኑ ከጾም ይፍታው። ማሰር፣ መምታት፣ ምግብና እንቅልፍ መከልከል በምንም ስም አይፈቀድም።

የሦስት ወሩ ክትትል

ከሆስፒታል የወጣ ሰው አደጋው እጅግ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ሳምንትና በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ጉባኤው ደግሞ «ተመስገን፣ ወጣ» ብሎ የሚበተነው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ስም ያለው አንድ ሰው ክትትሉን ይያዝ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ ከዚያ በየሳምንቱ እስከ 3 ወር፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ዓመት። ለመጀመሪያው የክሊኒክ ቀጠሮ አብራችሁት ሂዱ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ከዚያ ነው። የፈተና ውጤት የሚወጣበት ቀንና ሙት ዓመት በቀን መቁጠሪያ ይያዙ።

መልእክቱ አጭር ይሁን፦ «ሰላም ነሽ? አስቤሽ ነው፤ ካልመሰለሽ አትመልሺ፣ ሐሙስ እደውላለሁ።» ሐሙስ ደውሉ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሳቡ ተመልሶ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ።

ከመዝሙርም ከአገልግሎትም አታርቁት፤ ሸክሙን ግን ቀንሱለት። ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ ላይ አታውጡት፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት። ድል ተደርጓል ብሎ በማይክራፎን የተናገረ ወጣት በሚቀጥለው ወር ሲጨልምበት ለማን ይናገራል?

ሞት ከደረሰ

በአንድ ወጣት ሞት ሌሎች ወጣቶች ሊሳቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የመከላከል ሥራ ናቸው። የቅርብ ጓደኞቹን፣ ከዚህ በፊት የሞከሩትንና በቅርቡ ከእሱ ጋር የተጣሉትን ስም ጽፋችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ በአንድ አነጋግሩ። ዘዴውን፣ ቦታውን፣ የተወውን ጽሑፍ አታውሩ። «አሁን ዐረፈ፣ ከሥቃዩ ተገላገለ» የሚለው ቃል ለቀሩት ግብዣ ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ «ሲኦል ገባ» የሚለው ደግሞ እናቱን ይገድላል። የምታውቁት አንድ ምክንያት እንኳ ቢኖር «በዚህ ነው የሞተው» አትበሉ፤ እንዲህ ያለ ሞት በአንድ ነገር አይመጣም።

የቀብሩ ሥርዓት በየቤተ እምነቱ ይለያያል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1983ቱ ሕገ ቀኖና የቀድሞውን የቀብር ክልከላ አልደገመችውም፤ በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶሷም ከባድ የአእምሮ ሕመም የሰውየውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል፣ ስለ መዳኑም ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ይላል። የእናንተ ሥርዓት ምንም ይሁን ውሳኔውን ለቤተሰቡ አንድ ካህን ቤት ሄዶ ይንገር እንጂ በአደባባይ አይሰማ። ሐዘንተኞቹን ከአርባኛው ቀን በኋላም ጎብኙ፤ በዚህ ዓይነት ሞት ሰው የሚሸሸው ቀድሞ ነው።

የቡድኑ አባላት ራሳቸው

ከባድ ጉዳይ የያዘ አገልጋይ በ72 ሰዓት ውስጥ ከቡድኑ ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጥ፤ የሆነውን፣ የጎደለውን፣ አሁን እሱ እንዴት እንደሚተኛ ይናገር። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከሌሊት ተራ ይውጣ። ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ከሁለት በላይ በከፍተኛ አደጋ ላይ ያሉ ወጣቶችን በአንድ ጊዜ አይያዝ። ሐሳቡ በራሱ በአገልጋዩ ላይ ከመጣ ከላይ ያሉት ጥያቄዎች፣ ዕቅዱም ሆስፒታሉም ለእሱም እንዲሁ ናቸው፤ ካህን ወይም መጋቢ ከሆነ ከጉባኤው ውጭ ያለ ሐኪም ይፈለግለት።